ከ100 ግራሙ 99ኙ፦ የሚቀባ የሕመም ማስታገሻና የምዕራብ ጎጃም ተልባ፣ ፌጦና በርበሬ

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ መድኃኒት ቤት ገብቶ ለወገብ ወይም ለጉልበት የሚቀባ ነገር የጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚወጣው የዲክሎፌናክ ጄል ነው። ቱቦው ላይ 1 በመቶ ተብሎ ተጽፏል። በ100 ግራም ጄል ውስጥ ያለው መድኃኒት 1 ግራም ያህል ነው ማለት ነው። ቀሪው 99 ግራም ውኃ፣ አልኮል፣ ማለስለሻና ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚይዝ ማወፈሪያ ነው። ስለ 1 ግራሙ ብዙ ተብሏል። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በ99ኙ፣ ይልቁንም በማወፈሪያው ላይ ነው። የሚቀባ ማስታገሻ አገር ውስጥ ለመሥራት ብንነሳ ከውጭ የሚመጣውን ሰው ሠራሽ ማወፈሪያ ከተክል በሚገኝ ፖሊመር መተካት ይቻላል ወይ? የምዕራብ ጎጃም ማሳስ ለዚህ ምን አለው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ይቻላል፤ ተክሉም አለ። እስካሁን የጎደለው ልኬት ነው።

ጉዳዩን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። በዚህ አገር ሲያርስ፣ ሲያርምና ሲያጭድ የሚውለው ገበሬ፣ ውኃና እንጨት ተሸክማ ዳገት ቁልቁለት የምትለው እናት፣ በቆሎ በጆንያ የሚያወርደው የቀን ሠራተኛ የሚጎዱት ወገባቸውን፣ ጉልበታቸውንና ትከሻቸውን ነው። ወለምታ ሲሆን ወጌሻ ጋ ይኬዳል፤ እሱም በቅቤ ወይም በዘይት ያሻል። ቁርጥማት ሲሆን የቤት መድኃኒት ይሞከራል። ሲብስ ጤና ጣቢያ ተሂዶ የዲክሎፌናክ መርፌ ይወጋል፤ እንክብል ይታዘዛል። እንክብሉ ለጥቂት ቀን ሲወሰድ ይጠቅማል። ሰው ግን ለወራት ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ሲውጠው ጨጓራን ያቆስላል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። የሚቀባው መድኃኒት ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አንድ ጉልበት ላይ በቀን 4 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ግራም ጄል ቢቀባ ወደ ደም የሚገባው ዲክሎፌናክ እንክብሉ ከሚያስገባው 6 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በስተርጅና ጉልበታቸውን ለሚያማቸው፣ ግፊትም ላለባቸው አባትና እናት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ታዲያ በእርግጥ ይሠራል? የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ለወለምታና ለመሰል ድንገተኛ ጉዳቶች የሚቀቡትን ማስታገሻዎች አነጻጽሯል። ኢማልጄል የተባለውን የዲክሎፌናክ ጄል ከተቀቡት 78 በመቶው ሕመማቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ሲቀንስላቸው፣ መድኃኒት የሌለበትን ከተቀቡት ይህ የሆነላቸው 20 በመቶ ነበሩ። የኬቶፕሮፌን ጄል ውጤት 72 በመቶ፣ የባዶው 33 በመቶ ነበር። ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ግን ግምገማው ከመድኃኒቱ ዓይነት ባሻገር ያገኘው ነገር ነው፤ ከፍ ያለ ውጤት ያሳዩት በአብዛኛው በጄል መልክ የተዘጋጁት ናቸው። አንድ ዓይነት መድኃኒት በአንዱ መያዣ ውስጥ ሲሠራ በሌላው ይደክማል። 99ኙ ግራም ተራ መሙያ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም።

ሥር ለሰደደው የመገጣጠሚያ ሕመም ግን ልዩነቱ ይጠብባል። ከአንድ ዓመት በኋላ በወጣው ሁለተኛው ግምገማ ለ6 እስከ 12 ሳምንት ዲክሎፌናክ ከተቀቡት 60 በመቶ ያህሉ፣ ባዶውን ከተቀቡት ደግሞ 50 በመቶ ያህሉ ጥሩ መሻሻል አሳይተዋል። ከሁለት ሰው አንዱ ምንም መድኃኒት በሌለበት ጄል ተሻለው ማለት ነው። ማሸቱ ራሱ፣ የአልኮሉ ማቀዝቀዝ፣ የሕመሙ ከፍ ዝቅ ማለትና ተስፋ ተደማምረው ይህን ያህል ይሠራሉ። ስለዚህ አንድ አዲስ የተክል ቅባት ሲመጣ «ተቀብቼው ተሻለኝ» የሚለው ምስክርነት፣ ቅን ቢሆንም፣ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ከባዶ ጄል ጋር ተነጻጽሮ መመዘን አለበት።

አሁን ወደ ጄሉ አሠራር። የቆዳችን ውጫዊ ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት እንደ ጡብ የተደራረቡበት፣ ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር የሆነ ቀጭን ግንብ ነው። ቀጭን ይሁን እንጂ ብዙ ነገር አያሳልፍም። ክብደቱ ከ500 ዳልተን በላይ የሆነ ሞለኪውል በዚህ ግንብ ሾልኮ መግባት ይቸግረዋል። ዲክሎፌናክ 296፣ በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን 305 ዳልተን ስለሆኑ ያልፋሉ። ፖሊመር ግን ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ክብደቱ በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች ይቆጠራል። እሱ ውጭ ይቀራል። ሥራውም ውጭ ነው፦ ውኃውን ይዞ ማወፈር፣ መድኃኒቱን ቆዳው ላይ ማቆየትና በልክ መልቀቅ። ጥሩ ጄል ቱቦ ውስጥ ሲቀመጥ አይፈስም፤ በጣት ሲታሽ ይሳሳና ይሰራጫል፤ ጣቱ ሲነሳ መልሶ ይወፍራል። አልኮሉና ውኃው ሲተኑ የቀረው መድኃኒት ይጠነክራል፤ ወደ ውስጥ የሚገፋውም ያን ጊዜ ነው። ማወፈሪያው ከመጠን በላይ ከወፈረ መድኃኒቱን አስሮ ያስቀራል፤ ከሳሳ ደግሞ ጄሉ ከጉልበት ላይ ወርዶ ሱሪ ላይ ያልቃል።

ዛሬ በአብዛኛው ቱቦ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ካርቦመር ነው፤ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቢ.ኤፍ. ጉድሪች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ሰው ሠራሽ ፖሊመር። ከ100 ግራም ውስጥ ግማሽ ወይም 1 ግራም ብቻ ጨምሮ አሲዱን በአልካላይ ማለዘብ ይበቃል፤ ውኃው ወዲያው ጥርት ያለ ጄል ይሆናል። ካርቦመር የሚመሰገንበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ዛሬ የተገዛው ከርሞ ከሚገዛው ጋር አንድ ነው። ሻጋታ አይመገበውም። ጉድለቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ታየ። ኮቪድ 19 ሲመጣ ዓለም በሙሉ የእጅ ማጽጃ ጄል ፈለገና ካርቦመር ከገበያ ጠፋ። በአገራችንም ዩኒቨርሲቲዎችና ፋብሪካዎች የእጅ ማጽጃ ለመሥራት በተረባረቡበት ጊዜ ብዙዎቹ የተከተሉት የዓለም ጤና ድርጅትን ቀመር ነበር፤ እሱም አልኮል፣ ግሊሰሮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበት፣ ማወፈሪያ የማይጠይቅ ፈሳሽ ነው። የሚቀባ ማስታገሻን ግን እንደዚያ ፈሳሽ አድርጎ ማለፍ አይቻልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት መንገድ በዘጋ ቁጥር ደግሞ የወረዳ መድኃኒት ቤት ምን ያህል ከሩቅ በሚመጣ ዕቃ ላይ እንደተንጠለጠለ ታይቷል።

ከተፈጥሮ የሚገኙት ማወፈሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን ለእኛ አይሆኑም። አልጂኔትና ካራጂናን ከባሕር ሣር ይወጣሉ፤ ባሕር የለንም። ከመተማ በኩል የሚመጣው የግራር ሙጫ ጥሩ የንግድ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን በውኃ ውስጥ 30 በመቶ ሟምቶም ገና ይፈሳል። ዘይትን ከውኃ ጋር ለማዋሐድ ይጠቅማል እንጂ ጄል አይሠራም። የበቆሎና የድንች ስታርች በዚህ ዞን ሞልቷል። ሲበስል የሚያምር ጄል ይሆናል፤ ሲያድር ግን ሰንሰለቶቹ እርስ በርሳቸው ተመልሰው ይጣበቁና ውኃውን ይተፉታል። ገንፎ ሲያድር የሚሆነውን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። በኬሚካል ካልተለወጠ በስተቀር ስታርች ብቻውን ለ2 ዓመት መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ጄል አይወጣውም። የሬት ውስጡ ጥርት ያለ ነው፣ ቆዳም ያለዝባል፤ ይሁንና ቅጠሉ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ የራሱ ኢንዛይሞች ሰንሰለቱን ስለሚበጣጥሱት ውፍረቱ ቶሎ ይጠፋል። ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽም ሳይለይ ከገባ ይቆጣል።

ተልባ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። የተልባ ዝልግልግ የሚገኘው በፍሬው ልባስ ላይ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ ውስጥ ነው። ይህ ለሚያመርተው ሰው ትልቅ ዕድል ነው፤ ፍሬው ሳይሰበር በሞቀ ውኃ ሲታጠብ ዝልግልጉ ይወጣል፣ ፍሬውም ደርቆ ለዘይት ወይም ለምግብ ይቀራል። አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ተልባው ይለቀማል፣ ይበጠራል፤ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ በሞቀ ውኃ ለጥቂት ሰዓት እየተማሰለ ይዘፈዘፋል፤ ወፍራሙ ውኃ በጨርቅ ይጠለላል፤ ከዚያ የውኃውን እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ የሚሆን ጠንካራ ኢታኖል ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ ፈሳሹ ውስጥ ነጫጭ ክር የመሰለ ነገር ተጠቅልሎ ይነሳል። እሱ ነው ፖሊመሩ። ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ከ50 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ደርቆ ይፈጫል። ከ100 ግራም ተልባ ጥቂት ግራም ብቻ ይወጣል፤ መጠኑም እንደ ዘሩ፣ እንደ መሬቱና እንደ ውኃው ሙቀት ከፍ ዝቅ ይላል።

ይህ ዱቄት ሁለት ዓይነት ሰንሰለት የተቀላቀለበት ነው። አንደኛው አራቢኖክሳይላን ይባላል፤ ውፍረቱን በአብዛኛው የሚሰጠው እሱ ነው። ሁለተኛው ከፔክቲን ጋር የሚዛመድ አሲድ አዘል ሰንሰለት ነው። ውፍረቱ ከፍ የሚለው የአሲድነት መለኪያው፣ ማለትም ፒኤቹ፣ ከ6 እስከ 8 ሲሆን ነው። ለዲክሎፌናክ ይህ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው፤ ዲክሎፌናክ አሲድ በበዛበት ቦታ ሟምቶ መቆየት አይችልምና፣ እንደ አሸዋ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ከዚያ ግን ችግሩ ይመጣል። ተልባም ሆነ ካርቦመር ጨው ሲበዛባቸው ይሳሳሉ፤ ዲክሎፌናክ ሶዲየም ራሱ ጨው ነው። በሌላ በኩል ምግብ ላይ የምናውቀው ሶዲየም ቤንዞኤት የተባለው ማቆያ የሚሠራው በአሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ ነው። አሲድ ካደረግነው መድኃኒቱ ይዘቅጣል፤ ካላደረግነው ማቆያው አይሠራም። ስለዚህ ወደ ፓራቤን ወይም ወደ በቂ አልኮል መሄድ ግድ ይሆናል። «ሙሉ በሙሉ ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ማሰሮ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ለዚህ ነው፦ ሻጋታውን የያዘው ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ የተፈጥሮ ፖሊመሮች ሁሉ ደካማ ጎን ነው። ለሰው የሚጣፍጥ ለረቂቅ ተሕዋስያንም ይጣፍጣል። ቆዳ ላይ የሚቀባ ምርት በ1 ግራም ውስጥ ከ100 በላይ ባክቴሪያ፣ ከ10 በላይ እርሾና ሻጋታ እንዳይኖረው ዓለም አቀፍ የመድኃኒት መመዘኛዎች ይደነግጋሉ፤ ስታፊሎኮከስ ኦሬውስና ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ከነጭራሹ መገኘት የለባቸውም። ቤት ውስጥ የተሠራ የተልባ ጄል ያለ ማቆያ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን መሽተት ይጀምራል። ሳይሸትም ጎጂ ሊሆን ይችላል።

ፌጦ ከተልባ በላይ ይገርመኛል። እፍኝ ፌጦ ውኃ ላይ ቢበተን በደቂቃዎች ውስጥ እያንዳንዷ ቀይ ፍሬ ጥርት ያለ ልባስ ታበቅላለች፤ ፍሬና ፍሬ ሳይነካካ በዝልግልጉ መሐል ተራርቆ ይቆማል። የፌጦ ዝልግልግ በፍጥነት ያብጣል፣ ብዙ ውኃም ይይዛል፤ በልዩ ልዩ አገሮች ቤተ ሙከራዎች ለጄልና ለእንክብል ማያያዣነት ተሞክሯል። ነገር ግን ፌጦ ሲፈጭ ሌላ ነገር ይለቅቃል። በፍሬው ውስጥ ተለያይተው የነበሩ ኢንዛይምና ግሉኮሲኖሌት ይገናኙና ቤንዚል አይሶታዮሳያኔት የተባለ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ይፈጠራል። አፍንጫን የሚሰነፍጠው፣ ቆዳንም የሚያሞቀው እሱ ነው። እናቶቻችን ፌጦን ፈጭተው ለሆድ፣ ለራስ ምታትና ለቆዳ ሲጠቀሙበት የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአንድ ፍሬ ውስጥ ማወፈሪያውም ማሞቂያውም ተገኝተዋል። አደጋውም እዚያው ነው። የተፈጨ ፌጦ በጨርቅ ታስሮ ብዙ ከቆየ ቆዳን ያቆስላል፣ ውኃ ያስቋጥራል። ከፌጦ ማወፈሪያውን ብቻ የሚፈልግ ሰው ፍሬውን ሳይሰብር ማጠብ አለበት።

ሌላው ለዚህ አካባቢ ቅርብ የሆነው ሌንቋጣ የተባለው ተክል ነው። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ከሌንቋጣ የወጣውን ዝልግልግ የሜትሮኒዳዞል ቤንዞኤት ሽሮፕ ዱቄቱ እንዳይዘቅጥ መያዣ አድርገው ፈትሸውታል። የሚቀባ ማስታገሻ አይደለም፤ ግን መንገዱ አንድ ነው፦ ሰው የሚያውቀውን ተክል ይዞ፣ ንጥረ ነገሩን ለይቶ፣ ገበያ ላይ ካለው ጋር ማነጻጸር። ከዚያ በፊትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረ ማርያምና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንሰት ስታርችን አጥንተው ለእንክብል ማያያዣነትና ማፈረሻነት እንደሚበቃ አሳይተዋል። ያ ሥራ አገር በቀል ስታርች ለመድኃኒት መሥሪያ ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ ከግምት ወደ ቁጥር ያሻገረ ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ወደ ምዕራብ ጎጃም ስንመጣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሳይኔት በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ የአዲስ አበባ ተመራማሪዎች ጥናት ጃቢ ጠህናን ወረዳ ውስጥ ሰዎች ለነፍሳት መከላከያና ለወባ የሚጠቀሙባቸውን ዕፅዋት መዝግቧል። ለሕመም የሚቀባውም እንዲሁ በጥንቃቄ ቢመዘገብ ለቀመር ሥራው መነሻ ይሆን ነበር።

ማወፈሪያው ከተገኘ ምን ይጫንበታል? አኻያ በየወንዙ ዳር አለ፤ አስፕሪን የተወለደበት የሳሊሲን ዘርም በቅርፊቱ ውስጥ ይገኛል። ሆኖም ሳሊሲን ሥራ ላይ የሚውለው አንጀትና ጉበት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ ስለሆነ ቅርፊቱን ቆዳ ላይ ማሸት ብዙ አያስገኝም። የባሕር ዛፍ ዘይት ቅዝቃዜና ሽታ ይሰጣል፤ ረዳት ነው። በዚህ ዞን ከሁሉም የሚበልጠው በርበሬ ነው። ቡሬ፣ ወንበርማና ጃቢ ጠህናን በበርበሬ የታወቁ ናቸው፤ ገበሬው ከበቆሎው ጎን ለጥሬ ገንዘብ የሚተማመነው በእሱ ነው።

በርበሬ ለሕመም መዋሉ አዲስ አይደለም። ዛሬ የሚያቃጥልነት መለኪያ በስሙ የሚጠራው ዊልበር ስኮቪል መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው በፓርክ ዴቪስ የመድኃኒት ኩባንያ ሲሠራ ነው፤ ፋርማሲስት ነበር። በርበሬ የሚያቃጥልበት ምክንያት ግን እ.ኤ.አ. እስከ 1997 ድረስ አልታወቀም። በዚያ ዓመት ተመራማሪው ዴቪድ ጁልየስና ባልደረቦቹ ካፕሳይሲን የሚነካውን በነርቭ ጫፍ ላይ ያለ በር አገኙ። ቲአርፒቪ1 የተባለው ይህ በር ሙቀት ሲነካውም ይከፈታል፤ በርበሬ «ትኩስ» የሚመስለን ለዚህ ነው። ጁልየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማትን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተካፍሏል። በሩ ተደጋግሞ ሲነካ ነርቩ ይደክማል፣ ሕመም ማስተላለፉንም ለጊዜው ይተወዋል። በ0.025 እና በ0.075 በመቶ የሚሠሩት የካፕሳይሲን ቅባቶች በዚህ መንገድ ይሠራሉ፤ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ለሳምንታት መቀባት አለባቸው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚያቃጥሉ ብዙ ሰው ያቋርጣቸዋል። ለዝቅተኛው መጠን ያለው ማስረጃም ከዲክሎፌናክ ያነሰ ነው። 8 በመቶ ያለበት ተለጣፊ እ.ኤ.አ. በ2009 በአውሮፓና በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ እሱ ግን በሐኪም እጅ ብቻ የሚለጠፍ ነው።

በርበሬን ወደ ጄል የሚወስደው ሰው የሚገጥመውን ችግር በቁጥር ልንገር። 0.025 በመቶ ማለት በ100 ግራም ጄል ውስጥ 25 ሚሊ ግራም ካፕሳይሲን ነው። የያዝነው ደረቅ በርበሬ በግራም 1 ሚሊ ግራም ካለው 25 ግራም በርበሬ ያስፈልጋል፤ 5 ሚሊ ግራም ካለው ግን 5 ግራም ይበቃል። ሁለቱም በርበሬዎች በአንድ ገበያ፣ በአንድ ዋጋ ጎን ለጎን ሊሸጡ ይችላሉ። ሳይለካ የተጨመረ በርበሬ አንዱን ጄል ውኃ፣ ሌላውን እሳት ያደርገዋል። ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፤ በአልኮል ወይም በዘይት ነው የሚወጣው። በርበሬን በውኃ ዘፍዝፎ ቅባት መሥራት ቀለሙን እንጂ ኃይሉን አያወጣም። በኑግ ዘይት ሊወጣ ይችላል፤ የኑግ ዘይት ግን ቶሎ ይበላሻል፣ ይሸታል። በእኔ እምነት የሚሻለው በኢታኖል ማውጣት፣ መጠኑን በመሣሪያ መለካትና ከዚያ በተልባ ጄል ውስጥ በልክ ማዋሐድ ነው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ መሬት ላይ ተሰጥቶ የደረቀ በርበሬ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመርት ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። ለወጥ የማይሆን በርበሬ ለመድኃኒትም አይሆንም።

አሁን ወደ ቡሬ። የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በዚያው ዓመት ፊቤላ የዘይት ፋብሪካም ቡሬ ላይ ሥራ ጀምሯል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ቡሬ ካምፓስ አለው። የቅባት እህል፣ በርበሬና በቆሎ በአንድ ቦታ የሚሰበሰቡበት ከተማ ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ «የቡሬ ማስታገሻ ጄል» ነገ ይሠራ የሚል ሐሳብ ይቀርብ ይሆናል። እኔ አልደግፈውም። መድኃኒት ለማምረት የንጹሕ አየር ክፍል፣ የጥራት ቤተ ሙከራ፣ የተፈተነ ውኃና በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥልጣን የተሰጠው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ጄሉ በ40 ዲግሪ ሙቀትና በ75 በመቶ እርጥበት ለ6 ወር ተቀምጦ አለመበላሸቱም መታየት አለበት። ይህን ሁሉ በአንዴ መሸከም ይከብዳል። መጀመሪያ መሠራት ያለበት ማወፈሪያው ራሱ ነው፤ ንጹሕ፣ የተለካ፣ በከረጢት የታሸገ የተልባ ፖሊመር። ገዢው ጄል ሠሪው ብቻ አይደለም፤ የምግብ፣ የሳሙናና የመዋቢያ አምራቾችም ማወፈሪያ ከውጭ ይገዛሉ። መድኃኒቱ ፈቃዱን እስኪያገኝ ድረስ ፋብሪካው በእነዚህ ሊቆም ይችላል።

ከሌላው ዓለም ሁለት ነገር መማር ይቻላል። ዛንታን የተባለው ማወፈሪያ ተፈጥሯዊ ነው፤ በባክቴሪያ የሚመረት። በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ቤተ ሙከራ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1969 ለምግብ ተፈቅዷል፤ ዛሬ በየሰላጣ ማጣፈጫውና በየጥርስ ሳሙናው አለ። ያሸነፈው በጋን ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ስለሚመረት ነው። በመስክ የሚበቅል ተክል ያንን አንድ ዓይነትነት ማግኘት የሚችለው ዘሩ ሲመረጥ፣ የእያንዳንዱ ጭነት ውፍረት ሲለካና የሳሳው ከወፈረው ጋር በቀመር ሲደባለቅ ነው። ሁለተኛው የሕንድ ጉዋር ነው፤ ድርቅ የለመደ የአተር ዘመድ። የራጃስታን ገበሬዎች ለከብት መኖ ይዘሩት የነበረ ፍሬ ሙጫው ለነዳጅ ቁፋሮ ሲፈለግ እ.ኤ.አ. በ2012 ዋጋው ሰማይ ነካ፤ ብዙ ሳይቆይም ወደቀ። ተልባ የሚዘራውን ገበሬ ወደዚህ የሚጠራ ሰው ዋጋውን በውል ማሰር ይኖርበታል።

የዚህን ሁሉ ወጪ የሚወስነው ኢታኖሉ ነው። ለ1 ሊትር የተልባ ውኃ 2 ወይም 3 ሊትር ጠንካራ ኢታኖል ከፈሰሰና ተመልሶ ካልተጣራ ዱቄቱ ከካርቦመር በላይ ይወደዳል። የጎጃም አረቄ ለዚህ አይበቃም፤ ውኃው ብዙ ስለሆነ ፖሊመሩን አያነሳውም። ዓባይን ተሻግሮ በወለጋ በኩል ያለው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ያመርታል፤ ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድም ወደዚያው አቅጣጫ ነው። ከ10 ሊትር ኢታኖል 9ኙን መልሶ የሚያጣራ ማጣሪያ ከተተከለ ሒሳቡ ይለወጣል። ሌላው አማራጭ ውኃውን በቀጭን ወንፊት፣ በግፊት እያሳለፉ ፖሊመሩን ማስቀረት ነው፤ የወተት ፋብሪካዎች የሚያውቁት ዘዴ ነው። የኬሚካል ምሕንድስና መምህራንና ተማሪዎች ሊሠሩበት የሚገባው ጥናት ይህ ይመስለኛል፦ ከ1 ኩንታል ተልባ ስንት ኪሎ ዱቄት ወጣ፣ ስንት ሊትር ኢታኖል ባከነ፣ የየወሩ ዱቄት ውፍረት በምን ያህል ተለያየ። ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች በኋላ ፋርማሲስቶቹ ይገባሉ። እንደ አለርት ባሉ የቆዳ ሕክምና ሆስፒታሎች ቅባት የመቀመም ልምድ አለ፤ የመጀመሪያው 1 በመቶ የዲክሎፌናክ የተልባ ጄል እዚያ ተሠርቶ ከካርቦመሩ ጋር በሰው ሠራሽ ሽፋን ላይ፣ ቀጥሎም በፈቃደኞች ቆዳ ላይ ሊነጻጸር ይችላል።

እስከዚያ ድረስ መደርደሪያ ላይ ያለውን ጄል በአግባቡ መጠቀም ነው። የተቆረጠ ወይም የቆሰለ ቆዳ ላይ አይቀባም። ከተቀባ በኋላ በላስቲክ አይጠቀለልም፤ በሞቀ ውኃ ጠርሙስም አይተኮስም፤ ሙቀቱ መድኃኒቱን ከልክ በላይ ያስገባዋልና። የዲክሎፌናክ እንክብል እየዋጡ በላዩ ጄሉን መደረብ የኩላሊቱንና የጨጓራውን አደጋ መልሶ መጥራት ነው። እርግዝናዋ 20 ሳምንት ያለፈ ሴት ሐኪም ሳታማክር አትቀባ። በርበሬ አዘል ቅባት የነካ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ዓይን አይነካም፤ ሕፃንም በዚያ እጅ አይታቀፍም።